የወቅት ዝናብና የሰብል ምርት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከገበሬዎች፣ ከልማት ጣቢያ ሠራተኞችና የቤተሰባቸውን እርሻ ከከተማ ሆነው ከሚከታተሉ ሰዎች በየዓመቱ የሚመጡ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ቀርበዋል።

በጋ፣ በልግና ክረምት በየትኞቹ ወራት ይውላሉ? ሁሉም አካባቢ የሚያርሰውስ በአንድ ዝናብ ነው?

በሜትዮሮሎጂ አከፋፈል ዓመቱ ሦስት ወቅቶች አሉት፤ በጋ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ክረምት ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በክረምቱ ዝናብ የሚለማው የመኸር ሰብል ከአገሪቱ የእህል ምርት 90 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይሸፍናል። የእርሻ መሬታችን እጅግ አብዛኛው መስኖ የማያገኝ በመሆኑ የዝናቡ ጠባይ በቀጥታ የማሳው ጠባይ ይሆናል።

ሆኖም የአገሪቱን ዝናብ እንደ አንድ ነገር ቆጥሮ መናገር ያሳስታል። በኢሉባቦርና በከፋ ከመጋቢት ገደማ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ብዙም ሳይቋረጥ ሲዘንብ፣ መቀሌ አካባቢ አብዛኛው የዓመቱ ዝናብ በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ወርዶ ያልቃል። የወሎ፣ የሰሜን ሸዋና የሐረርጌ ከፍተኛ ቦታዎች በልግም ክረምትም ያገኛሉ። በቦረናና በአብዛኛው የሶማሌ ክልል ደግሞ ክረምቱ ደረቅ ነው፤ ዝናባቸው የሚመጣው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ከዚያም ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ አንዱ አካባቢ ጠግቦ በሚዘንብለት ዓመት ሌላው ከብቱን በጥም ሊያጣ ይችላል፤ ይህም በተደጋጋሚ ሆኗል።

ዝናቡ ብዙ ነበር፤ ምርቱ ግን ቀነሰ። ይህ እንዴት ይሆናል?

ሰብል የሚኖረው በወቅቱ በወረደው ጠቅላላ ዝናብ ሳይሆን ሥሩ ባለበት አፈር ውስጥ በየሳምንቱ በሚያገኘው እርጥበት ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ሲሆን በሄክታር 10,000 ሊትር ይሆናል። በአንድ ከሰዓት በኋላ 60 ሚሊ ሜትር ዶፍ ቢወርድ በአንድ ሄክታር ላይ 600,000 ሊትር ውሃ ፈሷል ማለት ነው፤ ነገር ግን ተዳፋት ላይ ያለ እርከን የሌለው ማሳ ከዚህ ውስጥ ብዙውን አይጠጣውም፤ ይልቁንም ለም አፈሩን ከነቡቃያው ጠርጎ ወደ ወንዝ ያወርደዋል።

ሁለት አጎራባች ቀበሌዎች በክረምቱ እያንዳንዳቸው 500 ሚሊ ሜትር አገኙ እንበል። በአንደኛው ዝናቡ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ በየጥቂት ቀኑ ሲወርድ፣ በሁለተኛው ሐምሌ አጋማሽ ላይ ጀምሮ በስድስት ሳምንት ውስጥ ተጠራቅሞ ወርዶ ነሐሴ ማብቂያ ላይ ቆመ። በመለኪያው ላይ ሁለቱ እኩል ናቸው፤ በአውድማ ላይ ግን አይገናኙም። በዚህ ምክንያት ስለ ዝናብ ሲጠየቅ ከመጠኑ በፊት መጠየቅ ያለባቸው ሦስት ነገሮች አሉ፤ መቼ ገባ፣ በመሃል ስንት ቀን ተቋረጠ፣ መቼ ወጣ።

ዝናቡ እውነት መግባቱን በምን ማወቅ ይቻላል? መቼ መዝራት ይሻላል?

ለዘሪው እጅግ አስቸጋሪው ነገር የሚያታልለው ዝናብ ነው። ሁለትና ሦስት ቀን በደንብ ይዘንባል፣ ሰው ይዘራል፣ ዘሩ ይበቅላል፣ ከዚያም ሁለት ሳምንት ጸጥ ይላል፤ ቡቃያውን ፀሐይ ይመታዋል። የሜትዮሮሎጂ ባለሙያዎች ይህንን ለመለየት ከሚጠቀሙባቸው መስፈርቶች አንዱ በሦስት ተከታታይ ቀናት ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር መዝነቡንና በቀጣዮቹ 30 ቀናት ውስጥ ዝናቡ ከዘጠኝ ወይም ከአሥር ቀን በላይ አለመቋረጡን ያያል። የመስፈርቱ ሁለተኛ ክፍል የሚታወቀው ካለፈ በኋላ ነውና በዘር ቀን ብቻውን አያገለግልም፤ የአሥር ቀን ትንበያ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

በእጅ ያለው መፈተኛ ግን ማሳው ራሱ ነው። ከላይ የረጠበ የሚመስል አፈር አንድ ስንዝር ያህል ሲቆፈር ከሥሩ አመድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ከዚያ ጥልቀት የተወሰደው አፈር በእጅ ሲጨበጥ ተጣብቆ የሚቆይ ከሆነ እንደ በቆሎና ማሽላ ላሉ ጠለቅ ተደርገው ለሚዘሩ ሰብሎች ስንቅ አለው፤ በጣት መሃል የሚበተን ከሆነ ግን ዘሩ የሚኖረው በሚቀጥለው ዝናብ ተስፋ ብቻ ነው። ጤፍ ከዚህ ይለያል። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ላይ ላዩን ይበተናል፤ የሚፈልገውም የገጹን እርጥበት በመሆኑ ክረምቱ እስኪጸና ተጠብቆ በሐምሌ ይዘራል። ከሰኔ ሚካኤል በፊት በወረደ ዝናብ ተደስቶ ዘርን በሙሉ ማፍሰስ ከባድ ዕዳ ያመጣል፤ የሚቻል ከሆነ ከዘሩ የተወሰነውን ለድጋሚ ማቆየት ይገባል።

ዝናብ ሲቋረጥ ሰብሉ የበለጠ የሚጎዳው በየትኛው ዕድገቱ ላይ ነው?

ቡቃያ ላይና አበባ ላይ ነው፤ ከሁለቱ ደግሞ የአበባው ይከፋል። ቡቃያ ቢጠፋ ዘር ካለ ይደገማል፤ በአበባ ጊዜ የጠፋ ምርት ግን በኋላ ዝናብ ቢመጣም አይመለስም። በቆሎ ለዚህ ዋናው ምስክር ነው። ጸጉር በሚያወጣበት ሳምንት ዝናቡ ከቆመ ረፋዱ ላይ ቅጠሉ እንደ ቱቦ ይጠቀለላል፣ ወደ ማታ ሲቀዘቅዝ ይዘረጋል፣ በማግስቱ እንደገና ይጠቀለላል። የላይኛው አበባ ዱቄቱን አርግፎ ሲጨርስ ጸጉሩ ዘግይቶ ይወጣል ወይም ደርቆ ይጠብቀዋል። ከሩቅ ሲታይ ማሳው አረንጓዴ ነው፤ እሸቱ ሲላጥ ግን ቆረቆንዳው ላይ ፍሬው እንደ አረጀ ሰው ጥርስ አልፎ አልፎ ተተክሎ ይገኛል።

ከአበባ ቀጥሎ የሚያሳስበው የማሸቻው ጊዜ ነው። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» ይባላል፤ እውነት ነው፣ ከነሐሴ 13 በኋላ ዝናቡ በብዙ ቦታ እየሳሳ ይሄዳል። ነገር ግን በሐምሌ አጋማሽ የተዘራ ጤፍ የሚያዘረዝረው በመስከረም ነውና ፍሬውን የሚሞላለት ከቡሄ ወዲህ የሚወርደው ያ ቀጭን ዝናብና በአፈሩ ውስጥ የቀረው እርጥበት ነው። ጥቁር የዋልካ አፈር ውሃ ይዞ ስለሚቆይ ከዝናቡ መውጣት በኋላም ለሳምንታት ያሳድራል፤ አሸዋማና ጭንጫ መሬት ግን ቶሎ ይከዳል። ክረምቱ ሲዘገይ ረዥም ጊዜ የሚወስድ ዘር ይዞ መጽናት አደገኛ የሚሆነው በዚህ የተነሳ ነው።

በልግ ከአገሪቱ ምርት ትንሽ ድርሻ ብቻ ካለው ሲጠፋ ለምን ይህን ያህል ያስጨንቃል?

በአገር አቀፍ ቁጥር የበልግ ሰብል ድርሻ ከ5 እስከ 10 በመቶ አካባቢ ይገመታል። ይህ ቁጥር ብዙ ሰው አሳስቷል፤ እኔም በልግን በዚህ ቁጥር ብቻ መመዘን ትልቅ ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ። በመጀመሪያ ነገር፣ በሰሜን ሸዋና በወሎ ደጋዎች ክረምቱ ብርዳም፣ ውሃ የሚያቁርና በማለቂያው ውርጭ የሚከተለው በመሆኑ ገብሱ የሚታመነው በበልግ ነው። ለዚያ ቤተሰብ በልግ አሥር በመቶ ሳይሆን የዓመት እንጀራው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከመጀመሪያው ይልቅ ሰፊ ነው፤ በልግ የመኸሩ መሠረት ነው። ረዥም ጊዜ የሚወስደው ማሽላ፣ ምርቱም አገዳውም የሚበልጠው ዓይነት፣ የሚዘራው በሚያዝያ የበልግ ዝናብ ሆኖ የሚታጨደው በኅዳር ነው። በራያ፣ በቆቦና በሐረርጌ በልጉ ሲቀር የሚሆነው ይህ ነው፤ ገበሬው ሚያዝያን በመጠበቅ ያሳልፋል፤ በሰኔ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ ቶሎ የሚደርሰውን ማሽላ ይዘራል፤ ያም በዝናብ መቋረጥ ከጠፋበት በሐምሌ ማሳውን ገልብጦ ጤፍ ይዘራል፤ ጤፉም ካልሆነ በነሐሴ መጨረሻ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ይሞክራል። በአንድ ማሳ ላይ በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ዘር ፈሷል፤ በሬዎቹም ያን ያህል ጊዜ ተጠምደዋል። በመጨረሻ የተገኘችው ጥቂት ኩንታል በሪፖርት ላይ «የመኸር ምርት ቀነሰ» ተብላ ትመዘገባለች እንጂ የበልጉ ጥፋት መሆኑ አይጻፍም። በዚህ ላይ የበሬው ሣር የሚበቅለው በበልግ ነው። በልግ የጠፋበት በሬ ቀንበር በሚከብድበት ሰኔ ላይ አጥንቱ ይቆጠራል፤ መሬቱም በቂ ድግግሞሽ ሳይታረስ ይዘራል።

በወላይታና በአካባቢው ደግሞ ስኳር ድንችን የመሰሉ ሥራ ሥሮች በበልግ መጥፋት ይመታሉ። በ2000 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ ከቀረ በኋላ ክረምቱ ሲገባ አገሩ ሁሉ ለምልሞ ሳለ ሕፃናት በምግብ እጥረት ይታከሙ ነበር፤ «አረንጓዴ ረሃብ» የሚለው አነጋገር የተለመደው ከእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው። በመኪና የሚያልፍ ሰው የሚያየው ልምላሜ ገና ያልደረሰ እህል ነው፤ ጎተራው ባዶ ነው።

ዝናብ ሲበዛስ ጉዳቱ ምንድን ነው?

በዋልካ መሬት ላይ ውሃ ሲተኛ ሥሩ አየር ያጣል፤ ስንዴና ባቄላ ይገረጣሉ። ጤፍ ከሌሎቹ የተሻለ ይችላል። በእንዲህ ያለ ማሳ ፈሰስ ማውጣትና መደብ ሠርቶ መዝራት ከማዳበሪያ በፊት ይቀድማል፤ ውሃ በተኛበት ማሳ ላይ የተጨመረ ማዳበሪያ አብሮ ይባክናል።

እርጥበት በሽታንም ይጋብዛል። በ2002/03 ዓ.ም. እርጥበቱ በተመቸው የምርት ዘመን ቢጫ ዋግ በብዙ የስንዴ አካባቢዎች ተዛምቶ በሰፊው ይዘሩ የነበሩትን «ቁብሳ» እና «ጋላማ» የተባሉ ዝርያዎች ክፉኛ መትቷቸዋል። ከሩቅ የዘነበ ዝናብም ይደርሰናል፤ በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የገባው የበረሃ አንበጣ መራባት የጀመረው በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. ሁለት አውሎ ነፋሶች በዓረቢያ ምድረ በዳ ላይ ባወረዱት ያልተለመደ ዝናብ ነበር፤ በ2013 መግቢያም በራያና በወሎ ለአጨዳ የቀረበ ጤፍና ማሽላ በልቷል። የሚያሳዝነው ግን በኅዳር ሰብሉ ደርሶ ወይም ነዶ ታስሮ ሳለ የሚመጣው ዝናብ ነው። ጤፉ ይጋሸባል፣ ስንዴው በዛላው ላይ እንዳለ ያቆጠቁጣል፤ የዓመት ልፋት በሦስት ቀን ዝናብ ይበላሻል። እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ሲሰማ የደረሰውን ቶሎ ማጨድ፣ ክምሩንም ከፍ ባለ ቦታ ላይ አድርጎ መሸፈን ያስፈልጋል።

ኤልኒኖ ማለት ድርቅ ማለት ነው?

አይደለም። ኤልኒኖ በመካከለኛውና በምሥራቃዊው የሰላማዊ ውቅያኖስ የምድር ወገብ ክፍል የባሕሩ ገጽ ከተለመደው በላይ የሚሞቅበት ሁኔታ ሲሆን ከሁለት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ልዩነት ይመጣል፤ ተቃራኒው ማለትም መቀዝቀዙ ላኒና ይባላል። ባሕሩ ከኛ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ቢርቅም የነፋሱን ዑደት ስለሚለውጥ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባውን እርጥበት ይነካል።

ኤልኒኖ ብዙ ጊዜ የሰሜኑን፣ የሰሜን ምሥራቁንና የመካከለኛውን ኢትዮጵያ ክረምት ያዳክማል። በ2007 ዓ.ም. በልጉ ቀርቶ ሳለ ክረምቱም በብርቱ ኤልኒኖ ተመታ፤ በ2008 መጀመሪያ አስቸኳይ የምግብ ርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ ቁጥር 10.2 ሚሊዮን መድረሱ ይፋ ሆነ። ያው ኤልኒኖ ግን የደቡብና የደቡብ ምሥራቅ ቆላዎችን የጥቅምትና የኅዳር ዝናብ አብዝቶ ጎርፍ አስከትሏል። ላኒና ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። በ2012 ክረምት አዋሽ ሞልቶ አፋርን ሲያጥለቀልቅ፣ ከ2013 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ በቦረናና በሶማሌ ክልል አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ቀሩ፤ እንዲህ ያለ ነገር በአርባ ዓመት ውስጥ አልታየም ነበር፤ የአርብቶ አደሩ ከብትም በብዛት አለቀ። ስለዚህ «ዘንድሮ ኤልኒኖ ነው» የሚል ዜና ሲሰማ ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት «ለየትኛው አካባቢና ለየትኛው ወቅት?» ተብሎ ነው። የሕንድ ውቅያኖስም የራሱ ሙቀት ስላለው ሁሉም ኤልኒኖ አንድ ዓይነት መዘዝ አያመጣም።

ትንበያው «ከመደበኛ በታች» ብሎ ነበር፤ ዝናቡ ግን ጥሩ ሆነ። ታዲያ ትንበያን ማመን ይገባል?

የኢትዮጵያ ሜትዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣው የወቅት ትንበያ የሦስት ዕድሎች መግለጫ ነው፤ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ እና ከመደበኛ በታች። ምንም ፍንጭ በሌለበት ዓመት ሦስቱም እኩል 33 በመቶ ገደማ ይኖራቸዋል። ትንበያው ለአንድ አካባቢ 45 በመቶ ከመደበኛ በታች፣ 35 በመቶ መደበኛ፣ 20 በመቶ ከመደበኛ በላይ ቢል፣ ከአምስት አንድ ጊዜ ዝናቡ ሊትረፈረፍ ይችላል ማለቱ ነው፤ ያ ሲሆን ትንበያው ዋሽቷል አይባልም። ችግሩ መልእክቱ ከዋናው መሥሪያ ቤት ተነስቶ ቀበሌ እስኪደርስ ድረስ ቁጥሮቹ ወድቀው «ዘንድሮ ዝናብ የለም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ መቅረቱ ነው። ይህ ገበሬውንም ትንበያውንም ይበድላል።

ትንበያው ሰፊ አካባቢን የሚሸፍን እንጂ የአንድን ማሳ ዕጣ የሚናገር አይደለም። እንግዲህ የሚጠቅመው ሁሉን ነገር በአንድ በኩል ለመወሰን ሳይሆን ድርሻ ለመደልደል ነው፤ ለምሳሌ ከማሳው ሲሶውን ቶሎ በሚደርስ ዘር መሸፈን፣ የማዳበሪያውን ግማሽ ዝናቡ እስኪጸና ማቆየት። ከዚያ በኋላ በየአሥር ቀኑ የሚወጣውን መግለጫ መከታተል ይገባል።

የአየር ንብረት መለዋወጥና የአየር ንብረት ለውጥ አንድ ናቸው? ዝናቡስ እየቀነሰ ነው?

አንድ አይደሉም። መለዋወጥ ማለት ዝናቡ ከዓመት ዓመት ከፍ ዝቅ ማለቱ ነው፤ ይህ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው። ለውጥ የሚባለው አማካዩ ራሱ ለአሥርት ዓመታት ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄድ ነው። ሙቀቱን በተመለከተ ጥርጥር የለም፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ጨምሯል። የክረምቱ ጠቅላላ ዝናብ ግን በአገር ደረጃ ግልጽ የመቀነስ አዝማሚያ አላሳየም፤ የዓመት ዓመት መዋዠቁ ስለሚበልጥ አዝማሚያው ተሸፍኗል። የበልግ ወራት ዝናብ ካለፉት አሥርት ዓመታት ወዲህ በምሥራቅ አፍሪካ መሳሳቱ ተመዝግቧል፤ የኮምፒውተር ሞዴሎች ደግሞ ወደፊት እንደሚጨምር ያሳያሉ፤ ተመራማሪዎች ይህን አለመጣጣም እስካሁን ይከራከሩበታል።

«ዝናቡ እንደ ድሮው አይደለም» የሚሉ ሽማግሌዎች ተሳስተዋል ማለት ግን አይደለም። ያው ዝናብ ቢዘንብም ሙቀቱ ሲጨምር ከአፈሩ የሚተነው ውሃ ይበዛልና ማሳው የሚያገኘው ያንሳል። በዚህ ላይ የአፈሩ መከላት አለ፤ ቀጭን አፈር የሚይዘው ውሃ ጥቂት ነው። የዛሬ ሠላሳ ዓመት አሥር ቀን የዝናብ መቋረጥ ይችል የነበረ ማሳ ዛሬ በስድስተኛው ቀን የሚጠወልገው ሰማዩ ተለውጦ ብቻ ሳይሆን መሬቱም ስለተራቆተ ነው።

ቶሎ የሚደርሱ ዝርያዎች ካሉ ሁልጊዜ እነሱን መዝራት አይሻልም?

እርጥበት አጠር ለሆኑ አካባቢዎች የተለቀቁ እንደ «ቦሰት» ጤፍ፣ «መልካም» ማሽላና የ«መልካሳ» በቆሎዎች ያሉ ዝርያዎች ብዙ ቤት አድነዋል። ነገር ግን ቶሎ የሚደርስ ሰብል በጥሩ ዓመት ውሃውንና ፀሐይዋን ሳይጠቀም ይጨርሳል፤ ረዥሙ ማሽላ ከሚሰጠው ፍሬ ያነሰ ይሰጣል። አገዳውም አጭር ነው፤ አገዳ ደግሞ የከብት መኖ፣ ማገዶና የቤት መሥሪያ ነው። ገበሬው አዲሱን ዘር ሲያመነታ ይህን ሁሉ አስልቶ ነው። የተሻለው መንገድ ሁለቱንም በእጅ ይዞ እንደ ዝናቡ መግቢያ መምረጥ ነው፤ ለዚህም ቶሎ የሚደርሰው ዘር በሐምሌ መጀመሪያ በወረዳው መጋዘን መገኘት አለበት። በነሐሴ አጋማሽ የደረሰ ዘር ለማንም አይጠቅምም።

ከዘር ባልተናነሰ ውሃውን ማሳው ላይ ማስቀረት ዋጋ አለው። የኮንሶ እርከኖች ለዚህ ከማንም በፊት መልስ ሰጥተዋል። በበቆሎና በማሽላ ማሳ ሽልሻሎ (በበቀለው ሰብል መሃል በበሬ ማረስ) ሲደረግ ትልሙ ውሃ ይይዛል፤ ትልሙን በየጥቂት ሜትሩ በአፈር መገደብ ደግሞ ዶፉ ሳይሮጥ እንዲሰርግ ያደርጋል። ብዙ ጊዜ ሰብሉን ያሳጣው የአንድ ዝናብ መቅረት ስለሆነ በጓሮ ኩሬ የተያዘ ውሃ በአበባው ሳምንት አንድ ጊዜ ቢጠጣ እንኳ ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

የአየር ሁኔታ መድን ገዝቼ ሰብሌ ጠፍቶ ሳለ ካሳ ያልተከፈለኝ ለምንድን ነው?

በኢትዮጵያ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ ተሞክሮ ወደ ሌሎች አካባቢዎች የተስፋፋው ዓይነት መድን የሚከፍለው ማሳው ታይቶ ሳይሆን በሳተላይት በሚለካ የዝናብ ወይም የልምላሜ መጠን ነው። ለገማች ጉዞ ወጪ ስለማይወጣ አረቦኑ፣ ማለትም ለመድኑ የሚከፈለው ዋጋ፣ ይቀንሳል፤ ነገር ግን መለኪያው የአካባቢውን ጠቅላላ ሁኔታ የሚያይ ስለሆነ የአንዱ ጎጥ ድርቀት በአማካዩ ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። በረዶ፣ ዋግና አንበጣ ያጠፉት ሰብልም ብዙውን ጊዜ በዚህ መድን አይካስም።

ከዚህ የሚበልጠው ምክንያት ግን የቀኑ ጉዳይ ነው። ውሉ የሚቆጥረው በተወሰኑ ሳምንታት ውስጥ የወረደውን ዝናብ ነው፤ ብዙ ውሎች አንዱን የመዝሪያ፣ ሌላውን የማሸቻ ጊዜ ያደርጋሉ። ጤፉ በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት የሚያዘረዝርበት ገበሬ ውሉ ነሐሴ 30 ላይ የሚዘጋ ከሆነ፣ በመስከረም የሚመጣው ድርቀት በውሉ ውስጥ የለም። ስለዚህ አረቦን ከመክፈል በፊት የሽያጭ ሠራተኛውን መጠየቅ የሚገባው ካሳው ስንት ብር እንደሆነ ብቻ አይደለም፤ ቆጠራው በየትኛው ቀን ጀምሮ በየትኛው ቀን እንደሚያበቃ፣ ያም ቀን በራስ ማሳ ላይ ሰብሉ ከሚያብብበትና ከሚያሸትበት ጊዜ ጋር መግጠሙ በጽሑፍ መታየት አለበት።